የሴቶቹ ወገን

ሬሕማ የሱቁን በር የከፈተችው በትከሻዋ ገፍታ ነው። በሩ ግድግዳውን ሲመታ የተንጠለጠሉት የቻርጀር ገመዶች ተወዛወዙ። አንተነህ ከላፕቶፑ ቀና ሲል ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ።

«ተነሥ!» አለችው።

«ሬሕማ፣ ምን ሆነሽ...»

«ተነሥ ነው ያልኩህ! እኔ ቆሜ አንተ ተቀምጠህ አታናግረኝም!»

ተነሣ። ረጅም ነው፤ ሲቆም የጣሪያው ማራገቢያ ፀጉሩን የሚነካው ይመስላል። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቁመቱ ትቀልድበት ነበር። ዛሬ ቁመቱም አናደዳት።

«ትናንት ማዶ ባሕሪ፣ ሙሽራው ዛኪር ወርሻ ውስጥ፣ ወንድ ሁሉ ምሳውን እየበላ በቴሌቪዥን የሙሽራዋን የኒዕማን ፀጉር አይቷል። ፀጉሯን ብቻ መሰለህ? ሂጃቧን ጥላ፣ ወገቧን ታጥቃ ስትጨፍር አይቷታል። የሚበይደው፣ ጎማ የሚነፋው፣ ሻይ የምታፈላዋ ጋ የተቀመጠው ሳይቀር! ካንተ ሱቅ ከወጣ ፍላሽ ነው። ካንተ እጅ!»



ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ካርቱም ያሉት የወሎ እስላም ሴቶች ሰርግ ሲደግሱ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ይሆናል። በሴቶቹ ወገን ሂጃብ ይወልቃል፣ ፀጉር ይፈታል፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል ሲወለውል የከረመ ወገብ እንደ ልቡ ይውረገረጋል። የምትቀርጸውም ሴት ናት፣ በስልክ። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ቪዲዮውን የሚቆርጠው፣ የሚያስተካክለውና በወጉ የሚደረድረው ባለ ሱቅ ወንድ ነውና። ስለዚህ የሴቶቹ ጀመዓ፣ ማኅበራቸው፣ ዘዴ አበጀ። ከመሀላቸው አንዲት የታመነች ሴት ይመርጣሉ፤ ባለ ሱቁ የሴቶቹን ወገን የሚከፍተው እሷ አጠገቡ ስትቀመጥ ብቻ ነው። እሷ ስትነሣ ይዘጋል። የሴቶቹ ወገን ያረፈበትን ፍላሽ እንኳ እሷ በሌለችበት አይከፍትም። ይህን አማና ይሉታል። አማና የበላ ደግሞ እነሱ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም።

ሬሕማን የመረጠቻት የጀመዓዋ አለቃ እትዬ ሀኒፋ ናት። ጀሪፍ ሰፈር ያለውን የአንተነህን ሱቅ የመረጠችውም እሷው ናት፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ አማርኛ ያውቃል፣ እናቱም ከሱቁ ጀርባ ይኖራሉ ብላ። የስደተኛ ልጅ ነው። አባቱ በፖለቲካ ምክንያት ከጎንደር በእግሩ የወጣ መምህር ነበር፤ ልጁ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ክርስቲያን ነው። ይህን ሁሉ እትዬ ሀኒፋ አስባበታለች። ያላሰበችው፣ ሁለት ወጣቶች አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ሲውሉ ዓይናቸው ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ እንደማይቀር ነው። መቼስ ሰው ሁሉን አያስብም።

አንዱ ቪዲዮ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁራል። ያኔ የሁለቱም ፊት መስተዋት ላይ እንዳለ ይታያል። መጀመሪያ የተያዩት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሬሕማ ቪዲዮ ሲያልቅ ልቧ መምታት ጀመረ። እሱም የቪዲዮ ማጫወቻውን ሥራ ያስተምራት ገባ፦ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ ቪዲዮዎቹ እንዴት በተርታ እንደሚደረደሩ፣ የማይፈለገው ከተርታው እንዴት እንደሚወጣ። እሷም ቶሎ ገባት። ቶሎ የገባት ትምህርቱ ብቻ አልነበረም።

«ንገረኝ እንጂ!» አለች አሁን። «የሴቶቹ ወገን በምን ተአምር የወንዶቹ ፍላሽ ውስጥ ተገኘ?»

አንተነህ አያት። የሚናገር ነገር እንዳለው ያስታውቃል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ማጥፋት ነበረብኝ፣ ረሳሁት።»

«ረሳሁት?»

«ረሳሁት። ኸላስ፣ በቃ። ለዛኪርም ነግሬዋለሁ።»

ቢክዳት ይሻላት ነበር። ቢጮህባት፣ «ማን ነው የዋሸሽ?» ቢላት ትታገለው ነበር። እሱ ግን ሸሚዝ እንደሚያወልቅ ሰው ጥፋቱን አውልቆ ከፊቷ አኖረላት።

የጓሮው በር ተከፈተና እናቱ ወይዘሮ ብርሃኔ ወጡ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው።

«ምንድን ነው ጩኸቱ? አሃ፣ አንቺ ነሽ! ልጄ ያንቺ አሽከር አይደለም። መጮህ ካማረሽ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሄደሽ መዳምሽ ላይ ጩኺ፤ ከደፈርሽ!»

«እማዬ፣ ተይ» አለ አንተነህ።

«አልተውም! ደክሜ ያስተማርኩት የሰው ሰሐን የምታጥብ ልታዋርደው አይደለም!»

«የማጥበው ሰሐን ንጹሕ ይሆናል፣ ወይዘሮ ብርሃኔ» አለች ሬሕማ። «የልጅዎን እጅ የሚያጠራ ሳሙና ግን የለኝም።»

ወጣች። ረክሻ ተሳፍራ ሂጃቧን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና አለቀሰች። ያንገበገባት ጥፋቱ ብቻ አልነበረም። እንዴት እንዲህ አቅልሎ «ረሳሁት» ይላል? እሷ እሱ ያላትን አንዲት ቃል ረስታ አታውቅም።

*

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ዛኪር ሙሽራ ሚስቱን እትዬ ሀኒፋ ቤት አምጥቶ አስቀመጣት፤ ይህን ያደረገው ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ካልጠየቀኝ አልወስዳትም አለ። ኒዕማ እንጀራም ውሃም አልቀምስ ብላ ግድግዳውን ዞራ ተኛች። አንተነህ ሱቅ ፍላሽ ያስቀመጠ ሁሉ እየሄደ ወሰደ። በሩ ላይ የተፋችም አለች። ሽማግሌዎቹም ለመጪው ጁምዓ ቀጠሩት።

ከሁሉም አብልጣ የረገመችው ሬሕማ ናት። የምትረግመውም ከሰው ፊት ነው፤ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኗን ያያታል፣ አጠገቡ የተቀመጠችው አንቺ አልነበርሽም ወይ እያለ። «እጁን ያድርቀው» ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ስልኳን ታወጣለች። አንድ የድምፅ መልእክት ልኮላታል። ሳትሰማው አጠፋችው፤ ካጠፋችው በኋላ ምን ብሎ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት አል-ጣኢፍ፣ የመዳም ቤት ውስጥ፣ ምሳ ተነሥቶ ሳለ አሮጊቷ ጠራቻት። የመዳም እናት ናት፤ ሐቦባ ነው የሚሏት። ሐቦባ ምሳ በበላች ቁጥር የልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ሰርግ ታያለች። የአንደኛውን ልጇን ሰርግ ግን ማየት አትፈልግም። እሱ ሚስቱን ፈትቶ፣ ከእናቱም ተቆራርጦ ነው ወደ ባሕረ ሰላጤው የሄደው። «አውጪልኝ፣ ዓይኔ እንዳያየው» ብላት ሬሕማ ያንን ቪዲዮ በመዳም ልጅ ላፕቶፕ፣ አንተነህ ባስተማራት ማጫወቻ፣ ከተርታው አውጥታላት ነበር።

«ያላ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሰርጎቼን አሳዪኝ» አለች ሐቦባ።

ላፕቶፑን ልጅቷ ትምህርት ቤት ወስዳዋለች። ሬሕማ ፍላሹን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችና ሻይ ልታመጣ ወጥ ቤት ገባች። ውሃው ሳይፈላ የአሮጊቷን ጩኸት ሰማች።

ሮጣ ስትመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያ የሄደው ልጅ አለ። ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ ሰይፍ ይዞ፣ እየሳቀ የእናቱን እጅ ይስማል።

«አጥፍቼዋለሁ አላልሽኝም? አላልሽኝም?» ሐቦባ በዱላዋ ወለሉን ትመታለች። እንባዋ በፊቷ ጭረት ላይ ይወርዳል። «ልጄን ለምን ታሳዪኛለሽ? ምን አድርጌሽ ነው?»

ሬሕማ ክው ብላ ቀረች። አውጥታዋለች። ከተርታው ሲጠፋ በዓይኗ አይታለች። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ቴሌቪዥኑ የእሷን ተርታ አያውቅም፤ ፍላሹ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነው የሚያሳየው። እሷ ያወጣችው ስሙን ከተርታው ነው እንጂ ቪዲዮው ከፍላሹ ንቅንቅ አላለም።

የዛኪር ወርሻ ውስጥም ያለው ቴሌቪዥን ነው።

የሰርጉን ፍላሾች ያዘጋጁበት ቀን ትዝ አላት። ወንበሩን ያዘች። ሐቦባ መርገሟን ቀጥላለች፤ ሬሕማም እርግማኑ ለእሷ እንደሚገባ እያወቀች ራሷን ደፍታ ሰማች።

*

«ከተርታው ማውጣት ማጥፋት አይደለም።»

ሰላም እንኳ አላለችም። ሱቁ በር ላይ ቆማ ነው የተናገረችው። አንተነህ የሚፈታው ስልክ እጁ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ግን አልነገርከኝም! ያን ቀን ካህራባ ሲጠፋ ጄነሬተሩን ልታስነሣ ወጣህ። እኔ መዳም እየደወለችብኝ ቸኮልኩ። የሴቶቹን ወገን አንድ በአንድ ከተርታው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ‹አጥፍቻቸዋለሁ፣ የቀረው የወንዶቹ ነው› ብዬ ፍላሹን ነቅዬ የሰጠሁህም እኔ ነኝ!»

«ማየት ነበረብኝ።»

«እንዴት ታያለህ? እኔ ሄጄ ነበር! የሴቶቹ ወገን ያረፈበትን ፍላሽ እኔ በሌለሁበት እንዳትከፍት ማን ነው ያስማለህ? እኔ! አማናህን ጠብቀህ ሳትከፍት ነው ለዛኪር የሰጠኸው። አማና ጠብቀህ ነው አማና በላ የተባልከው!»

አንተነህ ስልኩን አስቀመጠ። የፈታቸውን ብሎኖች በጣቱ ሰበሰበ። አንደኛዋ ከጠረጴዛው ወደቀች፤ ሊያነሣት አልሞከረም።

«መቼ ነው የገባህ?» አለችው።

«ዛኪር ደውሎ ሲሰድበኝ ወዲያው ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«አንቺ ከጀመዓው ብትወጪ ማን አለሽ?» ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ብትታመሚ ማን ያስታምምሻል? ፖሊስ ቢይዝሽ ማን ያስወጣሻል? እኔ እናት አለኝ፣ ሱቅ አለኝ፣ የመኖሪያ ወረቀት አለኝ። እኔን ቢሰድቡኝ ስድብ ነው፤ ያልፋል። አንቺን ግን ያባርሩሻል።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ልቧ ይቀልጥ ነበር። የሬሕማም ልብ መቅለጡ አልቀረም፤ ደሟ ግን ቀድሞ ፈላ።

«ስረግምህ ከረምኩ እኮ! ቁጭ ብለህ አስረገምከኝ! ከሰው ፊት እጁን ያድርቀው አልኩ። የምወደውን ሰው እጅ፣ በገዛ አፌ!»

ይህን ቃል እስከዛሬ ተባብለው አያውቁም። አንተነህ አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጣ።

«እንዳትጠጋኝ!» አለች። «ነገሩ እሱ አይደለም!»

«ሬሕማ፣ በማርያም ስሚኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት እቀርባለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ኒዕማ ቤቷ ትገባለች፣ ነገሩ ያልቃል። አንቺ ብቻ እንዳትመጪ።»

«አንተ ማን ነህና የኔን ጥፋት ወስደህ ላንተ ታደርገዋለህ? የሰው ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ የገዛ ጥፋቴ እንኳ የኔ አይሆንም? መዳም የጠላችውን ልብስ ትጥልልኛለች፣ አንተ ደግሞ ክብር ትጥልልኛለህ! ምጽዋት ነው?»

«እንደዚያ አስቤ አይደለም...»

«እንደዚያ ነው ያሰብከው! እናትህ በአፏ የምትለውን አንተ በሆድህ ይዘኸዋል!»

አንተነህ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ከተዋወቁ ጀምሮ ሲቆጣ አይታው አታውቅም ነበር።

«ሂጂ ንገሪያቸው እንግዲህ! ሂጂ ይትፉብሽ! እኔ ለምጄዋለሁ! ነገር ግን የኔን መውደድ ከእናቴ ስድብ ጋር አንድ እንዳታደርጊው! እንቅልፍ አጥቼ የከረምኩት ላንቺ ምጽዋት ልሰጥ ነው?»

ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። ሬሕማ በጥፊ ልትመታውም፣ ሮጣ አንገቱ ላይ ልትጠመጠምም እጇ ተነሣ። የትኛውን እንደምትፈልግ ስላላወቀች ወጣች።

ውጪ ወይዘሮ ብርሃኔ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ነገ ልጄ ባንቺ ጥፋት ሰው ፊት ሊዋረድ ነው» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ዝም ብትይ እድሜ ልኬን ይቅር አልልሽም።»

«ብናገርስ?»

«ብትናገሪም አልወድሽም።»

«እንዲወዱኝ አልጠየቅኩም» አለች ሬሕማ። ግን ዋሸች፤ መንገዱን ሁሉ ምነው በወደዱኝ እያለች ነው የሄደችው።

*

ጁምዓ ዕለት መዳም እንግዳ አለብኝ ብላ እስከ አሥር ሰዓት አልለቀቀቻትም። የተሳፈረችበት ሃፍላ ደግሞ ኮብሪው፣ ድልድዩ ላይ፣ ቆመ፤ መኪናው ተቆላልፎ አልንቀሳቀስ አለ። ሬሕማ ወርዳ በእግሯ ተሻገረች። ከታች ዓባይ ይሄዳል፤ እሷ ግን ውሃውንም አላየችው። የምታየው ሕይወቷን ነው። ከተናገረች የታመነችው ሬሕማ የለችም። ካልተናገረች አንተነህ የለም። ሁለቱንም ይዛ የምትሻገርበት ድልድይ አልተሠራም።

ባሕሪ፣ እትዬ ሀኒፋ ግቢ ስትደርስ ወንዶቹ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከቤቱ መጋረጃ ኋላ ናቸው። ከመሀል ግቢው አንተነህ ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

አንገቱ ላይ ብሎኬት አለ።

በወሎም በጎንደርም በደለኛ ለይቅርታ ሲመጣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ባሕሪ የሚሸከሙት ድንጋይ ስለጠፋ ሽማግሌዎቹ ጎረቤት ከሚሠራው ቤት ብሎኬት አምጥተዋል። ሲሚንቶው በነጭ ሸሚዙ ላይ ተራግፏል፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ዛኪር ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ዛኪር፣ በቃው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «በአላህ፣ አውርድ በለው።»

«ይቆይ» አለ ዛኪር። «ስኳሩ ገና አልሟሟልኝም።»

ሬሕማ ይህን ስትሰማ እግሯ ራሱ ወሰዳት።

«አውርደው!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ዞረ። አንተነህ ቀና ማለት አይችልም፤ ድምፅዋን ሲሰማ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

«ዓይብ ነው፣ ነውር ነው!» አለ ዛኪር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ሴት ልጅ በወንድ በር አትገባም። ሂጂ ከሴቶቹ ጋር ግቢ!»

«ዓይቡስ የኔ ነው። እሱ አላጠፋም። ፍላሹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከማጫወቻው ተርታ ሳወጣው የጠፋ መስሎኝ ነው፤ አልጠፋም ነበር። እሱ እኔ ስለሌለሁ አልከፈተውም። ቃሉን ጠብቋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

ከመጋረጃው ኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። «አይ አንቺ! አይ አንቺ!» የምትል ድምፅ ሰማች፤ አብራት የበላች፣ አብራት የሰገደች ሴት ድምፅ ናት። ሬሕማ ወደ አንተነህ ሄዳ ብሎኬቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሬሕማ፣ አይሆንም» አለ በሹክሹክታ።

«ልቀቀው።»

«ከባድ ነው።»

«ልቀቀው! ወላሂ ካልለቀቅከው ዳግመኛ ዓይንህን አላይም!»

ጣቶቹ ጠርዙ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ጨምድዶታል። አጎንብሳ አየችው። ምን እንደምትለምነው ገባው፤ ፊቱ ሊያለቅስ እንዳለ ልጅ ተጨማደደ። ከዚያ ለቀቀው።

አንገቷ ላይ አኖረችው። ክብደቱ እስከ ተረከዟ ወረደ። «ሴት ልጅ ድንጋይ!» ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ዛኪር እንደተገተረ ቀርቷል። ወደ እሱ የምትመጣ መስሎት አገጩን ቀና አደረገ። በአጠገቡ አልፋ ወደ መጋረጃው ሄደች።

«ወዴት ነው? የተበደልኩት እኔ ነኝ!» አለ።

«አንተ ሚስትህን ነው ያየኸው» አለች ሬሕማ ሳትዞር። «የታየችው እሷ ናት። ሰሞኑን ሁሉ እሷን ማን ይቅርታ ጠየቃት?»

መጋረጃው ተገለጠ። ሬሕማ የምታየው እግር ብቻ ነው። የእትዬ ሀኒፋን ሰፊ እግር አወቀችው። ከጎኑ ቀጭን እግር አለ፤ የሙሽርነቱ ሂና ገና አልለቀቀውም።

«ሁለተኛ አማና አትይዢም» አለች እትዬ ሀኒፋ። ድምፅዋ የሞተ ሰው እንደምትሸኝ ነው። «ከእንግዲህ በእኔ ቤት ቁልፍ እንኳ አትይዢም።»

«እሺ» አለች ሬሕማ።

ብሎኬቱ የአንገቷን ቆዳ ይልጠው ጀምሯል። ከኋላዋ ዛኪር ንዴቱን የሚያወርድበት ሲያጣ ወደ አንተነህ ዞረ።

«አንተስ? ምን ቤት ነህና ያላጠፋኸውን አጠፋሁ አልከኝ? አትናገርም?»

ሬሕማ ጠበቀች። ከዚያ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስለሚወደኝ ነው!» አለች ከብሎኬቱ ሥር፣ በታፈነ ድምፅ። «እኔም እወደዋለሁ! ክርስቲያን ነው፣ አውቃለሁ! እናቱ አትወደኝም፣ አውቃለሁ! እናንተም ከዛሬ ጀምሮ አትወዱኝም! እሱን ግን እወደዋለሁ፤ አማናዬን እንደ ዓይኑ ጠብቋል!»

የኮብሪው የመኪና ጥሩምባ ብቻ ይሰማል።

«አውርጂው» አለች ኒዕማ።

ሬሕማ ትንፋሽዋን ያዘች።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች ኒዕማ ቀጥላ። «አንገትሽ ተሰብሮ ሌላ ጣጣ እንዳታመጪብኝ ብዬ ነው። ይቅር የምልሽ ቀን ካለ ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ባሏ፣ «አንተም የምትወስደኝ እቃ አይደለሁም። ስፈልግ በእግሬ እመጣለሁ!» አለችና መጋረጃውን ዘጋችው።

ሬሕማ ልታወርድ ሞከረች። እጇ ዝሏል፣ አልታዘዝ አላት። አንድ ጫማ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ጫፉ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ አለ። እጁን ሲዘረጋ ጥላውን መሬት ላይ አየች። ጥላው ብሎኬቱ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ልያዝልሽ?» አለ አንተነህ።

ሬሕማ ወዲያው አልመለሰችም። ይህችን ጥያቄ መስማት ፈለገች፤ እስኪበቃት መስማት ፈለገች። አገር ሳለች አባቷ፣ እዚህ መዳም፣ ጀመዓውም፣ እሱም ራሱ፣ ሁሉም ለእሷ የሚበጀውን ከእሷ በላይ እያወቀ አድርጎላታል። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

«አሁን ያዝልኝ» አለችው።

አንደኛውን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው አወረዱት። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ሴት ትረግማታለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች። ሬሕማ አንገቷን ቀና ለማድረግ ስትሞክር አመማት። ይቅር ያላት የለም፤ እንደ በፊቱ የሚቀበላት ቤትም የለም። ከዚያን ቀን በፊት ግን እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።